ፓምፑን ያሳረፍኩ ዕለት

ኅዳር 12

ልጄ፣

ብዕሩን የያዘችው ልጅሽ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ እሷን ተቆጪ፣ ነገሩ ቢንጋደድ እኔን። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች «አባባ፣ ቀስ እያልክ ተናገር» ትለኛለች። ዕድሜዬን በሙሉ ከሞተር ጋር ስጯጯህ ለኖርኩት ሰው!

ደህና ነኝ። ይህን ለወጉ ያህል አላልኩም፤ ባልሆን ኖሮ አልሆንኩም እልሽ ነበር። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይለግማል እንጂ ሌላው በየቦታው ነው። አንቺም በርቺ። ስልክ በማይሠራበት ቦታ ለዚያ ሁሉ ማዕድን ቆፋሪ ድስት መጣድ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስንቅ የሚያመላልሰው መኪና ደብዳቤ ባይዝልን ኖሮ መኖርሽንም የሚነግረኝ አልነበረም።

መሣሪያው እንዴት ሆነላት ላልሽው፦ ክሊኒኩ ያዋሳትን ነገር «ፓምፕ» ሲሉኝ ስቄ እንደነበር አትረሺም። እኔ የማውቀው ፓምፕ ለማንሳት አራት ጎረምሳ የሚፈልግ፣ ሲነሳ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ነው። በውሃ ጣቢያው ፀጉሬ የሸበተው በእሱ ድምፅ ነው። ይኼኛው የሲጋራ ፓኮ አያህልም። ወገቧ ላይ ታስረዋለች፣ ቀጭን ቱቦው ሆዷ ላይ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ ኢንሱሊኑን ጠብ ጠብ ያደርግላታል። ድምፅ የለውም። ጆሮዬን ወገቧ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ የሰማሁት የእሷን ሳቅ ብቻ ነው። ድምፅ የሌለው ሞተር አላምንም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ሥራውን ይሠራል።

በመርፌው ጊዜ የነበረውን ታውቂዋለሽ። ጨዋታ መሀል ሆና «ሰዓቱ ደረሰ» ስላት ትከሻዋ ዝቅ ይል ነበር። ሳይርባት ብይ፣ ሲርባት ቆይ እንላት ነበር። ትምህርት ቤት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተደብቃ ነበር የምትወጋው። አሁን የምትበላውን ታሰላለች፣ ቁልፉን ነካ ነካ ታደርጋለች፣ ትበላለች፤ በቃ። ባለፈው እሑድ ጓደኛዋ ቤት ዋለች። እነሱ ሲበሉ በላች፣ እነሱ ሲሮጡ ሮጠች። ስትመለስ ጉልበቷ ተልጦ ነበር። እንዲህ ደስ ብሎኝ የተላጠ ጉልበት አይቼ አላውቅም።

ክፍል ውስጥ «ባትሪ» ይሏታል። አንድ ጊዜ ፓምፑ መምህሩ እየተናገረ ጢጥ ብሎባት ነው። «ታዲያ ምን አልሻቸው?» አልኳት። «ባትሪ ሲያልቅባችሁ እኔ ጋ ኑ አልኳቸው» አለች። የማን ልጅ እንደሆነች እንግዲህ አንቺው እወቂ።

(እማዬ፣ ፕላስተሩ ያሳክከኛል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።)

አሁን እኔ ዝም ባልኩበት ብዕሩ ሲፍቅ ሰማሁ። ምን እንደጨመረች እሷን ጠይቂያት። ማንበብ ባልችልም ጆሮዬ አልደነቆረም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ይህ ፓምፕ ዕረፍት የለውም። እኛ ጣቢያ ሁለት ነበሩን፤ አንዱ ተረኛ፣ አንዱ ዐራፊ። የማያርፍ ሞተር ኩሽኔታው ይበላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ዶክተሩን ልጠይቀው ብዬ ነበር፣ ሰውዬው ግን እግሩ በር ላይ ነው ሁልጊዜ።

አነበበችልኝ። ልክ ነው። አውራ ጣቴንም ከታች አኑሬያለሁ፤ ያለዚህ የእኔ ነው አትበዪ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 3

ልጄ፣

ዛሬ ብዕሩን የያዘው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። «ሰላም በላት» ስለው ለሰላምታ ብቻ ግማሽ ገጽ ሊያወጣ ነበር፤ አስቆምኩት። «ጋሼ፣ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ነው» ይለኛል። ኮሌታ አልለብስም አልኩት።

ልጅቷ ደህና ናት። ያልጻፈችው ፈተና ስላለባት ነው።

ስለ ፓምፑ ዕረፍት ያስጠነቀቅሽኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ያመጣው መኪና ግን ዘግይቷል። አሁን ከወገቧ ወርዷል፣ ክሊኒኩ ወስዶታል። ለጥገና ነው በዪው። ለጊዜው በመርፌ ናት።

እንዳይበርድሽ ልበሺ። ልብስ ሰፊው ሥራ አለበት፤ እዚህ ላይ ይብቃ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 15

ይህን ደብዳቤ ለምታነብለት ጎረቤታችን፣

ሳትቀንስና ሳታለሳልስ አንብብለት፤ አደራ። ያነሳችው ልጄ ከሆነች ግን፣ የእኔ እመቤት፣ እዚህ ላይ አቁሚና ለልብስ ሰፊው ስጪው።

አባዬ፣

በዚህ ወር ፈተና የለም። የትምህርት ቤቱን ቀን ከምሠራበት ምድጃ በላይ ለጥፌዋለሁ። ክሊኒኩም ፓምፕ አይጠግንም፤ ሲበላሽ ሌላ ነው የሚሰጠው። ስንፈርም አብረን ሰምተናል።

አንተ ውሸት አትችልም። ስትዋሽ ታሳጥራለህ። እማዬ የሞተች ቀን የላክህልኝ መልእክት «ነይ» የሚል ብቻ ነበር።

ደብዳቤህ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ቃሉን አይደለም። የእሷን የተንጋደደ «ደ» ነው የምፈልገው። እሷን ሳገኝ እቀመጥና አነባለሁ። ባለፈው ግን ፖስታውን ስከፍት እንደ ኪስ ስፌት የተስተካከለ የሰው ፊደል አየሁ። ቆሜ አነበብኩት። ደግሜም ቆሜ አነበብኩት። የሰው ምግብ አረረብኝ።

ሌላውን ሁሉ በኋላ ትነግረኛለህ። መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። ልጄ በሕይወት አለች?


ታኅሣሥ 24

አለች።

ይህን በመጀመሪያው መስመር እንድታገኚው ብዬ ነው ሰላምታውን ያስዘለልኩት። ዛሬ ልብስ ሰፊውም አልተከራከረኝም። አሁን ስናገር ደጅ ላይ ገመድ ስትዘል ይሰማኛል፤ ገመዱ መሬቱን ሲመታ እቆጥራለሁ እንጂ አላቋርጥም።

ፈተና ያልኩት ውሸት ነው። ጥገና ያልኩትም ውሸት ነው። እሷን ጻፊ ብያት ነበር። «ፈተና ላይ ነኝ ብዬ ለእማዬ አልጽፍም» አለችኝና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ልብስ ሰፊው ዘንድ የሄድኩት ለዚህ ነው። እሱም እያወቀ ጻፈልኝ፤ አሁን አንገቱን ደፍቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት የለም። ዛሬ ፓምፑን እናሳርፈው አልኳት።

«አባባ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይወልቅም። ነርሷ ነግራኛለች» አለች።

«ፓምፕ የማውቅ እኔ ነኝ ወይስ ነርሷ?»

ሳቀች። አመነችኝ። ከሁሉ የሚከብደኝ ይኼ ነው፤ ማመኗ። ከወገቧ ፈታሁት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩት፣ የመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬ ክዳኑን ገጠምኩ። ለወደድኩት መሣሪያ ሁልጊዜ የማደርገውን ነው ያደረግኩት።

ልጅቷ ገመዱ እንደተፈታለት ጥጃ ሆነች። ዛፍ ወጣች፣ በሆዷ ተንሸራተተች። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ደስ ይለኛል። አንድ ሰዓቱ መቼ እንዳለፈ እሷም ረሳች፣ እኔም አላስታወስኳትም። ምሳ ላይ ጥቂት ቀመሰችና ውሃ አለች። ሰጠኋት። ደግማ አለች፣ ሰጠኋት። ለከተማ ሁሉ ውሃ ሲያጠጣ የኖረ ሰው ልጅ ውሃ ስትወድለት ምን ይላል? ጎሽ አልኳት። ጎሽ!

ከዚያ አስመለሳት። ምግቡ ነው አልኩ። አስተኛኋት። ትንፋሿ ከሩቅ የሚሳብ ሆነ፣ የበሰበሰ ፍሬ ሸተተኝ። በዚህ መሀል ልብስ ሰፊው ገባና «ጋሼ፣ ሳጥንህ ውስጥ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አለኝ።

ሰምቼው ነበር፣ ልጄ። ኩሽኔታ ሲበላ ከመንገድ ማዶ የምሰማ ሰው፣ ያን ጢጥታ ሰምቼ የእሱ የግድግዳ ሰዓት ነው ብዬ ተውኩት። እሱም የእኔ ሰዓት ነው ብሎ ቆይቷል።

ተሸክሜያት ወጣሁ። ጉልበቴ ደረጃው ላይ ሲለግም አላስታውስም። መኪናውን ያቆመው ልብስ ሰፊው ነው፣ መንገዱ መሀል ቆሞ፣ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ።

ዶክተሩ በዚያ ቀን እግሩ በር ላይ አልነበረም። ተቀምጦ ነገረኝ። «በጣቢያችሁ ፓምፕ ስታሳርፉ ከተማው ከየት ይጠጣ ነበር?» አለኝ። ኮረብታው ላይ ካለው ታንከር አልኩት። «ልጅቷ ታንከር የላትም» አለኝ። በመርፌው ጊዜ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ስለምትወስድ እሱ እንደ ታንከር ነበር። ፓምፑ ላይ ያለው ግን ፈጣን ነው፤ ጠብታው ከቆመ ወዲያው ባዶ ነው። ደሟ መረዘባት። በዚህ ቋንቋ ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ልናገረው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የጠየቅኩት ነገር አልነበረማ።

ይቅርታ አልልሽም። ቃሉ አነሰኝ።

ፓምፑ ክሊኒኩ ዘንድ ነው። በሚመጣው ቀጠሮ ወይ ወደ እሷ ይመለሳል፣ ወይ ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይሰጣል። «ቤተሰቡ ተመካክሮ ይንገረኝ» ብሏል ዶክተሩ። ቤቷ ውስጥ መሣሪያውን በደንብ የሚያውቅ ትልቅ ሰው መኖር አለበትም ብሏል። ይህን ሲል አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

የምትይውን ንገሪኝ። ልብስ ሰፊው እንባውን እየጠረገ ነው፤ ወረቀቱ ቢረጥብ የእሱ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

አባትሽ


ጥር 16

ልጄ፣

ብዕሩን የያዘችው ልጅሽ ናት። «ደ»ዋን ፈልጊና ተቀመጪ፤ ከዚያ አንብቢ። ልብስ ሰፊው ዛሬ አያስፈልግም ስለው ቅር አለው። ሸሚዜ ላይ ግን በነፃ ኮሌታ ሰፋበት፣ ሳልጠይቀው።

በደብዳቤሽ አልተቆጣሁም ያልሽውን ሰምቻለሁ። ብትቆጪ ይሻለኝ ነበር። የተቆጣ ሰው ሲበርድለት ይታወቃል፣ ያልተቆጣ ሰው ግን መቼ እንደሚያበቃለት በምን ይታወቃል?

«የምትፈራው ፓምፑን ነው ወይስ እጅህን?» ብለሽኛል። እጄን። ይኸው፣ መለስኩልሽ።

«ያንተ ውሳኔ የእኔ ነው፣ ጣትህ ያረፈበትን ወረቀት ለዶክተሩ ስጥ» ያልሽው ደግሞ ከበደኝ። አልሸሽም። የማየውን እነግርሽና እወስናለሁ።

በመርፌ ከሆነች ወዲህ እኔ እንቅልፍ ተኝቻለሁ። ታንከሯ ሞልቶ ነው ያለችው እላለሁ። እሷ ግን ተመልሳ ሰዓት የምትጠብቅ ልጅ ሆናለች። ጓደኛዋ እኛ ቤት ዋዪ ብትላት «እናቴ እንዳትጨነቅ» ብላ ቀረች፤ እኔን ሰበብ አላደረገችኝም፣ አንቺን አደረገች። ሳህኗ ፊቷ ቀርቦ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መድኃኒቱ እስኪሠራ ስትጠብቅ አያታለሁ። ትልቅ ሰው ትመስላለች። ልጅ ትልቅ ሰው ሲመስል ደስ አይልም። ትምህርት ቤት ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ተመልሳለች። «ባትሪ» ማለቱንም ትተውታል፤ እሷ ግን ናፈቀኝ ትላለች። ስድብ የሚናፍቃት ልጅ!

ነርሷ ባለፈው ቀጠሮ ፓምፑን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ «አባት፣ ይምጡ ላሳይዎ፣ ቱቦውን እንዲህ ነው የምንቀይረው» አለችኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። በሕይወቴ ማሽን ፊት እጄን ኪሴ ከትቼ አላውቅም።

አሁን ውሳኔዬን ጻፊ።

(እማዬ፣ አባባ አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። አልጻፍኩትም።)

ብዕሩ ቆሟል። ተናግሬ ሳበቃ ያልፋቀ ብዕር አውቃለሁ፤ የቆመ ሞተር እንደማውቀው ነው የማውቀው። ጻፊ እላታለሁ፣ አንገቷን ትነቀንቃለች። «በራስህ እጅ ጻፈው» ትለኛለች። ለማይጽፍ ሰው! ድፍረቷን አየሽልኝ? ከማን እንደወረሰችው አልጠይቅም።

እሺ። የራስሽን ጻፊ አልኳት። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬያለሁ።

(እማዬ፣ እኔ ነኝ።

ያልጻፍኩት «ፓምፑን ለሌላው ልጅ ስጡት፣ እኔ አልበቃም» የሚለውን ነው። ሌላው ልጅም እንዲያገኝ እፈልጋለሁ፤ ግን የእኔንም እፈልጋለሁ።

ፕላስተሩ ያሳክካል። ማታ ስገለበጥ ቱቦው ይጎትተኛል። ክፍል ውስጥ ሲጮህ ሁሉም ይዞራል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

አባባ ፓምፑ ይረፍ ብሎ ነበር። ፓምፑ አይደክመውም። የሚደክመው እኔን ነው። ፓምፑ ወገቤ ላይ ሲሆን ያረፍኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን አንድ ሰዓት ሲያልፍ አውቄ ነበር። ዛፉ ላይ ነበርኩ። አባባ ፓምፕ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን እሱ የእኔን ፓምፕ አያውቀውም፣ እኔ አውቀዋለሁ። ላስተምረው እችላለሁ። ቁጥር ያነባል፣ በጣቢያው የግፊት መለኪያ ያይ ነበር። ጆሮውም አለ። ጢጥ ሲል የልብስ ሰፊው ሰዓት እንዳልሆነ አሁን ያውቃል።

ከሆስፒታል ከመጣሁ ጀምሮ ሲያቅፈኝ በአንድ እጁ ነው፣ ፓምፑ የነበረበትን ጎን አይነካውም። እዚያ ምንም የለም እኮ እማዬ፤ ባዶ ነው። እንዲመለስ የምፈልገው ለእሱም ነው።

አሁን ዞሮ እያየኝ ነው።)

ጨረሰች። ረጅም ነበር። መሀል ላይ ሁለት ጊዜ አፍንጫዋን ሳበች፣ አንድ ጊዜ ሳቀች። እኔ ያልኩት አንድ መስመር ነበር፤ ይኼ ሁሉ ፍቀት ከአንድ መስመር አይወጣም።

ዶክተሩ ዘንድ የምንሄደው ሐሙስ ነው። ነርሷ ፊት እጄን ከኪሴ አውጥቼ እገባለሁ ወይስ እዚያው ከትቼ፣ የሚለየው ወረቀቱ ላይ ባለው ነው። ቀለሙን አምጪልኝ ብያት አውራ ጣቴን ነክሬዋለሁ። ደርቆ ሳይበላሽ፣ ነይ እንግዲህ ጸሐፊዬ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። በዚያኛው ጎን አይደለም፣ ፓምፑ በነበረበት በዚህኛው።

አንብቢልኝ። ያልኩትን አይደለም፤ የጻፍሽውን። ጣቴን የማሳርፈው እሱ ላይ ነው።